ለመካከለኛ ውፍረትም ቀዶ ጥገና?

ስለ ውፍረት ቀዶ ጥገና ያነበብኩት ጽሑፍ ቢኤምአይው (ክብደት ከቁመት ጋር ተነጻጽሮ የሚገኘው የውፍረት መለኪያ) 30 የሆነ ሰውም የውፍረት ቀዶ ጥገና ቢሠራ ጥሩ ነው ይላል። እኔ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ባንጨፈልቅ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የሐኪሞች ማኅበራት ምክር እንኳ ቢኤምአያቸው ከ30 እስከ 35 ለሆኑት በቅድሚያ የሚያነሳው እንደ ስኳር ያለ በሽታ ያለባቸውን ነው። እህቴ ከነሱ አንዷ ናት። ስኳሯ በመድኃኒት አልወርድ ብሎ ቀዶ ጥገናውን አደረገች፤ ዛሬ ኢንሱሊን አትወጋም። ተመስገን ነው።

ግን ሌላ ሕመም ሳይኖር፣ ለሠርግ ቀሚስ ተብሎ? ስሊቭ በሚባለው የውፍረት ቀዶ ጥገና እኮ ከጨጓራ ሦስት አራተኛው ያህል ተቆርጦ ይወጣል፤ ተመልሶ አይገጠምም። ቫይታሚኑና የደም ምርመራው ዕድሜ ልክ ነው። እህቴ መጀመሪያ ሰሞን ሽሮ እንኳ ከሦስት ማንኪያ በላይ አይገባላትም ነበር። ጾም ሲመጣ ደግሞ ፕሮቲን ከየት ላምጣ ብላ ትጨነቃለች። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ስላለው ክትትል ጽሑፉ አንድ መስመር እንኳ ቢጨምር ደስ ይለኛል።