የጋራ ሳይክል ሲሰረቅ «ሕዝቡ አልሰለጠነም» ማለት ይቅር

ለሕዝብ የቀረበ ሳይክል በተሰረቀ ቁጥር አንድ ቶሎ የሚሰነዘር ፍርድ አለ፦ «ሕዝቡ አልሰለጠነም»። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ይህ አባባል ሌባውን አይዝም፤ ሥራውን በቅጡ ያላሰበውን አካል ግን ነፃ ያወጣል።

ፓሪስን እንይ። ቬሊብ የተባለው፣ ከአንዱ ጣቢያ ተከራይተው ሌላው ጣቢያ የሚመልሱት የጋራ ሳይክል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 በከንቲባ ቤርትራን ዴላኖዌ ዘመን ተጀመረ። ቁጥሩ ቶሎ አድጎ 20 ሺህ ገደማ ደረሰ። በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ታዲያ 8 ሺህ ያህሉ ተሰረቀ፤ ሌላ 8 ሺህ ያህሉ ደግሞ ተሰባበረ። ሴን ወንዝ ውስጥ የተጣለ አለ። የመብራት ፖል ላይ የተሰቀለም አለ። ምሥራቅ አውሮፓ ድረስ ተሻግሮ የተገኘም አለ።

በዚያው ከተማ ግን ሌላም ነገር ይታያል። ጎማው የተነፈሰ ወይም ካቴናው የወለቀ ሳይክል የገጠመው ሰው፣ መቀመጫውን ወደ ኋላ አዙሮት ይሄዳል። ቀጥሎ የሚመጣው ከሩቅ አይቶ ወደ ሌላው ያልፋል። የሚያመሰግነው የለም፣ የሚከፈለውም የለም። እንዲህ የሚያደርግ ሕዝብ አልሰለጠነም ይባላል?

ፓሪስ ሳይክሉን ያልዘጋችው ኪሳራውን ስለተቀበለች ነው። ሥራውን የያዘው ጄሲዴኮ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ኩባንያ ነበር። በዓመት ከጠቅላላው ከ4 በመቶ በላይ ከተሰረቀ፣ ለእያንዳንዱ ትርፍ ሳይክል ከተማዋ 400 ዩሮ ልትከፍል ተስማማች። አገልግሎቱም እስከ ዳር ዳሩ ከተሞች ተዘረጋ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሰፈሬ የማይደርስ ሳይክል ሲሰበር ባይ ለምን ይቆጨኛል?

ያለ ጣቢያ፣ በየመንገዱ የሚቆሙት ግን ዕድል አልነበራቸውም። መቆለፊያቸው ጎማውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ አንስቶ ለሚሸከም ሰው ምንም አይደለም። ጎቢ የተባለው ኩባንያ ፓሪስ በገባ በወራት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018፣ ጥፋቱን አልቻልኩም ብሎ ወጣ። ሞባይክ የተባለው ሌላ ኩባንያም የእንግሊዟን ማንቸስተር በዚያው ዓመት ተሰናበተ። በየወሩ 10 በመቶ ሳይክሉን በስርቆትና በብልሽት ያጣ ነበር። ለማንም ሳይቆለፍ መተው ደግሞ ከዚያም ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1993 እንግሊዝ ካምብሪጅ ውስጥ በነፃ የተለቀቁት አረንጓዴ ሳይክሎች ወዲያው ነው የጠፉት።

ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ያደገ ሰው የሰፈር ሳይክል አከራይን ያውቀዋል። መቆለፊያው ደካማ ነው፣ ፍሬኑም እንደነገሩ ነው። ግን የማን ልጅ እንደሆንክ ያውቃል። ካልመለስክ ማታ ቤታችሁ ይመጣል! ሳይክሉን የሚጠብቀው መተዋወቁ ነው።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ኮሪደር ልማቱ የሳይክል መንገድ አምጥቷል። መንገዱ ካለ ነገ የጋራ ሳይክል ይምጣ የሚል አይጠፋም፤ እኔም እላለሁ። ለታክሲ ሰልፍ ጠዋትና ማታ ለሚንገላታ ሠራተኛና ተማሪ ትልቅ እፎይታ ነው። «ይሰረቃል» ተብሎ ገና ሳይጀመር እንዳይቀር ግን እሰጋለሁ።

አዎ፣ ይሰረቃል። ስለዚህ ከወዲሁ ይታሰብበት። ተጠቃሚው በፋይዳ ይመዝገብ፣ በቴሌብር መያዣ ያስይዝ፤ መያዣው ግን ደሃውን የሚያስቀር አይሁን። ሳይክሉ ጣቢያ ይኑረው። ጣቢያው አጠገብ ለሚውሉት ሊስትሮዎችና ለሰፈሩ ወጣቶች የጥበቃና የጥገና ሥራ ይሰጣቸው፤ ማን ምን እንደነካ ከካሜራ ቀድመው ያያሉ። የእነሱ ደመወዝ፣ የጎማውና የካቴናው ዋጋ፣ የሚጠፋው ሳይክል መተኪያም ከመጀመሪያው ቀን በጀቱ ውስጥ ይግባ።