ኖሮ እና ኖራ

ዛሬ ጠዋት ስድስተኛዋን ልቀብር ወጣሁ። አካፋ በቀኝ እጄ፣ ዶሮዋ በፌስታል በግራ። ጉድጓዱን ሳልጨርስ የአጥር ጎረቤታችን እትዬ ከቆርቆሮው በላይ ብቅ አሉ። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ጉድጓዱን አዩት። እኔን አዩኝ። ከንፈራቸውን መጠጡ።

«አይ ልጄ! ብታስከትባቸው ኖሮ እኮ...»

ኖሮ። ይህችን ቃል ከአማርኛ ላይ የሚፍቅልኝ ሰው ባገኝ ዶሮ ወጥ እጋብዘው ነበር። ዶሮ ቢኖረኝ ኖሮ።

በዚህ ሳምንት ያልሰማሁት ኖሮ የለም። የማዶው ግቢ ዘበኛ «ነጭ ሽንኩርት ብታበላቸው ኖሮ» አለኝ። ባለሱቁ «አረቄ ጠብ ብታደርግላቸው ኖሮ» አለ። የሚስቴ ወንድም «ገና ስታንቀላፋ ብታርዳት ኖሮ» ብሎ ወደ ማድ ቤት አየ። ከቤቴ እስከ አስፋልት ብቻ ያደረሰኝ የባጃጅ ሹፌር እንኳ የዶሮ ቤቱን በር ወደ ፀሐይ መውጫ ባዞረው ኖሮ አንዷም እንደማትሞት ነግሮኝ ሒሳቡን ተቀበለ። መልስ አልሰጠኝም።

ነጭ ሽንኩርቱን እኮ አብልቻለሁ! ፌጦ ደቁሼ፣ ሎሚ ጨምቄ ግቻለሁ። ቀይና ቢጫዋን ካፕሱል ከፍቼ ውሃቸው ላይ በትኛለሁ። የሠፈሩ መድኃኒት እሷ ናት፤ ለሰው ጉንፋንም ለዶሮም። ካፕሱሏ ቴትራሳይክሊን ናት፤ ባክቴሪያ ላይ እንጂ ቫይረስ ላይ ምንም አትሠራም። የእኔን ዶሮዎች የጨረሰው ደግሞ ቫይረስ ነው። ፈንግል።

ስሙን እዩልኝ። ፈረንጆቹ በራሳቸው አቆጣጠር በ1920ዎቹ በሽታው በታየበት የእንግሊዝ ከተማ «ኒውካስል» አሉት። የእግር ኳስ ቡድን ይመስላል። የኛ ሰው ግን የሚያደርገውን አይቶ ነው ስም ያወጣው። ይፈነግላል። ማታ ቆጥ ላይ የወጣች ዶሮ ጠዋት መሬት ላይ ናት። ወዲያው ያልፈነገላት ላባዋን ነፍታ ጥግ ትይዛለች፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አረንጓዴ ትቀዝናለች፣ አንገቷ ይጠመዘዛል። ከያዛት በኋላ መድኃኒት የለውም።

አውራ ዶሯችን ሦስት ቀን ታገለ። ሊቀመንበር ነበር የምንለው፤ ሁሌ ከፍ ያለ ቦታ ቆሞ ስለሚናገርና ማንም ስለማይሰማው። በመጨረሻው ቀን አንገቱ ወደ ኋላ ዞሮ ሰማይ ሰማይ ያያል። በቆሎ ስንሰጠው ሊለቅም ይሞክራል፤ መንቁሩ ከፍሬዋ አንድ ስንዝር ርቆ መሬት ይመታል። ደግሞ ይሞክራል። ደግሞ ይስታል። ትንሿ ልጄ ፍሬውን በመዳፏ ይዛ መንቁሩ ሥር አደረገችለት። መዳፏንም ሳተው።

መቼም ሰው ማጽናናት ያውቃል። ሁለተኛዋ የሞተች ቀን እትዬ «ጭዳ ሆነችላችሁ» አሉ። ለቤቱ የመጣውን ክፉ ነገር ዶሮዋ ተቀበለችልን ማለታቸው ነው። አመሰገንኩ። ሦስተኛዋ ስትሞትም ጭዳ አሉ። አራተኛዋም ጭዳ። አምስተኛዋ ላይ እኔ ራሴ ፈራሁ። ምን ዓይነት መዓት ነው የታዘዘብኝ፣ አምስት ዶሮ በልቶ ያልጠገበ? ደግሞ ፈንግል በኩስና በጫማ የሚሄድ በሽታ ነው። ሊያጽናናኝ የመጣው ሁሉ የዶሮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ ከንፈሩን መጦ፣ በዚያው ጫማ ወደ ራሱ ዶሮዎች ተመለሰ።

የክትባቱን ነገር ልንገራችሁ። ክትባቱ ሩቅ አይደለም፤ ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው። ዓይናቸው ላይ ጠብ ይደረጋል፣ ወይ በሚጠጡት ውሃ ይሰጣል። ችግሩ ብልቃጡ ነው። የእንስሳት መድኃኒት ቤቱ ልጅ «ስንት ዶሮ አለህ?» አለኝ። «ሰባት» ስለው ሳቁን ዋጠና «ያለኝ የመቶ ነው» አለ። አንዴ ከተበጠበጠ ለነገ አይቀመጥም። እስከዚያው ከቅዝቃዜ አይወጣም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይገድለዋል። ከሙሽራ በላይ እንክብካቤ ይፈልጋል።

ስለዚህ ጥር ላይ ሠፈሩን ቤት ለቤት ዞርኩ። ቆጠርኩ። በ11 ግቢ 93 ዶሮ! ብልቃጡ በልካችን የተሰፋ ነው። ተዋጥተን እንግዛ አልኩ። አንዱ «እስቲ እናያለን» አለ። አንዱ «ለምን በእድር አናደርገውም?» አለ። በእድሩ ስብሰባ ላይ የዶሮው ነገር ከድንኳኑ ኪራይ ቀጥሎ ተያዘ። የድንኳኑ ኪራይ ላይ መሸ። እትዬስ ምን አሉ? ዛሬ «ብታስከትባቸው ኖሮ» ያሉኝ እትዬ «የኔ የሐበሻ ዶሮ ነው ልጄ፣ ክትባት የፈረንጁ ዶሮ ወግ ነው» አሉኝ። ቃል በቃል። ፈንግል የሐበሻውን ዶሮ ክረምት ሊገባ ሲል መንደር ሙሉ እንደሚጠርግ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል። እትዬም ገጠር ነው ያደጉት!

እውነቱን ለመናገር ብቻዬን መግዛት አያቅተኝም ነበር። የዚያን ቅዳሜ ለሁለት ክትፎ የከፈልኩት ይበልጣል። ግን እልህ ያዘኝ። ዶሮዎቼ ግማሹን በፈንግል፣ ግማሹን በእልህ ሞቱ ማለት ይቻላል። ይህንን ለእትዬ አልነገርኳቸውም።

አክስቴ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ትል ነበር። ከተረቶቻችን ሁሉ እሱን እወዳለሁ። ሴትየዋ ከልቧ አዝና ይሁን የሽንኩርቱ ጭስ ዓይኗ ገብቶ አይታወቅም። አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለኛል። ይህ ተረት ቀድሞ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። አክስቴም የምትተርተው ወጡ ካረረ በኋላ ነበር። በነገራችን ላይ፣ ከዚያ ወጥ ለኔ የሚደርሰኝ ሁልጊዜ አንገት ነው። ከ12 ብልት! ፈረሰኛው ለአጎቴ፣ ታፋው ለእንግዳ፣ ለኔ አንገት። አንድ ቀን እንኳ እጇ አልተሳሳተም። 40 ዓመት ሊሞላው ነው፣ አልረሳሁትም። ዶሮ ማርባት የጀመርኩትም በዚሁ ቂም ሳይሆን አይቀርም።

የት ነበርኩ? በሽታው እንዴት እንደገባ ልንገራችሁ። አንዲት ገብስማ ዶሮ አለችኝ። በሽታውን ያመጣችው እሷ ናት። የፋሲካ ዋዜማ ገበያ ሄድኩ። ሻጩ እግሯን ጠፍሮ ቁልቁል ይዟታል። ዓይኗ ክድን ክድን ይላል። «ምን ሆና ነው?» ስለው «ከሩቅ ነው የመጣችው፣ መኪና አዙሯት ነው» አለኝ። አመንኩት። ሁለት ገዛሁ። ቤት ስደርስ ሚስቴ «ይቺማ እንቁላል ጣይ ናት፣ አትታረድም» አለች። ሌላዋ ታረደች። ገብስማዋ ከሊቀመንበር ጎን ቆጥ ላይ ወጣች። በስድስተኛው ቀን መሞት ተጀመረ።

ያንን ሰውዬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። እሱ ሠፈር ፈንግል ገብቷል፤ ያውቃል። ታዲያ ቶሎ ወደ ገበያ! ሳትሞት የሌላ ሰው ድስት ውስጥ ትግባለት፣ ካልታረደችም የሌላ ሰው ቆጥ ላይ ትውጣለት። ብቻውን ቢሆን ባልከፋ። የሚስቴ ወንድም አምስተኛዋ አንገቷን ስትደፋ በጆሮዬ «አሁኑኑ ብትወስዳት ዋጋዋን ታወጣለች» ብሎኛል። በሳምንቱ ውስጥ ኖሮ የሌለበት፣ በሰዓቱ የደረሰ ብቸኛ ምክር ይኸው ነው። የታችኛው ግቢ ደግሞ የሞቱበትን በፌስታል ቋጥሮ ወንዝ ወረወራቸው። ውሻ ጎትቶ አንዷን እኔ በር ላይ ጣላት።

ጉድጓድ ጠለቅ አድርጎ ቆፍሮ፣ ኖራ ነስንሶ መቅበር ነው ደንቡ። ኖራ ፍለጋ ሠፈሩን ዳግመኛ ዞርኩ። ኖራ ያለው ሰው የለም። ኖሮ ግን በየቤቱ ሞልቷል።

አሁን ሁለት ቀርተውኛል። አንዲት ቀይና ገብስማዋ ራሷ። ገብስማዋ ተርፋለች፣ አንገቷ ግን ተጣሞ ቀረ። ስትሄድ አንድ ነገር ረስታ እንደወጣች ወደ ኋላ እያየች ነው።

ይህን እየጻፍኩ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። ድምፃቸው የጠዋቱ አይደለም።

«የኔው አውራ ዛሬ አልጮኸም። ጥግ ይዞ ኩርምት ብሏል። ያ ፌጦ ተርፎሃል ልጄ?»

«እትዬ፣ ጥር ላይ ያንን ብልቃጥ...» ብዬ ጀመርኩ። የነጠላቸው ጫፍ ላይ ጭብጥ የማትሞላ ስንዴ ቋጥረዋል። አውራው አልበላላቸውም መሰለኝ።

«አለ» አልኩ። «ፌጦ አለ። ነጭ ሽንኩርቱን ግን ሊቀመንበር ጨርሶታል።»