የበርሜሌ አራሶች

የአዳማ ሰው እንግዳ ይወዳል። አገሩ ሁሉ ስብሰባውን እኛ ጋ ነው የሚያደርገው። ግን ምስጋናውን ሆቴሎቹ ብቻ መውሰዳቸው ቅር ይለኛል። ቤታችን ድረስ መጥታ፣ ወልዳና ልጆቿን ለወግ አብቅታ የምትሄደውን እንግዳ ማን ያነሳል? ቢምቢን ማለቴ ነው።

ድሮ ወባ ሲባል ቆቃ ሐይቅ ዳር ወይ ወንጂ የሸንኮራ መስኖ ነበር የሚነሳው። ዛሬ እዚያ ድረስ ማን ይንከራተታል? ማዋለጃው ግቢያችን ውስጥ ነው።

የኔን በርሜል ልንገራችሁ። ሰማያዊ ነው፤ 200 ሊትር ይይዛል። ሰፈራችን ውሃ ብቅ የምትለው ስትፈልግ ነው፤ ያውም ሌሊት። ስለዚህ ሞልተን እናስቀምጣለን። ክዳን አለው ወይ? አለው እንጂ! በርበሬ ተሰጥቶበታል። ክዳኑ ከፀሐዩ ጋር ሲዞር ነው የሚውለው።

በቀደም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጣች። በነጭ ጭልፋ ከበርሜሉ ቀዳችና ፀሐይ ላይ ያዘችው። ጭረት የሚያካክሉ ነገሮች ውስጡ ይርመሰመሳሉ። አንዳንዶቹ ዘቅዝቀው ተንጠልጥለዋል። ሌሎቹ ውሃው ላይ ጋደም ብለዋል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ጫት ቤት የገቡ ነው የሚመስሉት። የእጇ ጥላ ሲያርፍባቸው ሁሉም ወደ ታች እልም።

«ጋሼ፣ ይሄን ያውቁታል?»

«የውሃ ትል ነዋ። ውሃው ንጹሕ ስለሆነ ነው» አልኳት በኩራት።

ሳቀች። «እውነትዎን ነው። ጋደም ያሉት የወባዋ ናቸው። እሷም ንጹሕ ውሃ ነው የምትወደው።»

ንጽሕናችን በባለሙያ ተመሰከረ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ከሩቅ የመጣች ዘመድ አለቻቸው አሉ። ስቴፈንሳይ የምትባል የወባ ቢምቢ ናት፤ አገሯ እስያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ታየች፣ በ2016 ቀብሪ ደሃር። በ2022 ድሬዳዋ በጠራራ በጋ ወባ ሲያምሳት የእሷ እጅ እንዳለበት ታወቀ። አዋሽ ሰባትም ተገኝታለች። እቺኛዋ ረግረግ ፍለጋ አትደክምም። በርሜልና የውሃ ሮቶ ይበቃታል፤ ክረምት ጠብቂ የሚላት የለም። አዳማ ደግሞ በዚያው በጅቡቲ መንገድ ላይ ናት። የመንገድ እንግዳ መመለስ የት ያየነውን!

ስትነክስም ክፋት ሆኖባት አይደለም። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፤ ወንዱ የአበባ ማር ልሶ ነው የሚኖረው። እሷ ለእንቁላሏ ደም ያስፈልጋታል። ያው የእርጉዝ አምሮት ነው። እርጉዝ ያማራትን ከተከለከለች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ተብለን አይደል ያደግነው? ስለዚህ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቴን አቀርብላታለሁ። አጎበሩማ ሥራ ላይ ነው። የጓሮውን ጎመን ከዶሮ ይጠብቃል። ትኩሳት ሲይዘን ደግሞ በእንግዳ አናላክክም፤ ምች ነው ብለን ዳማከሴ እንጨምቃለን።

ጎረቤቴ ግን ከኔ ይልቅ ሊሸለም ይገባዋል። ቤት እየሠራ ነው፤ ማለትም ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሯል። ለግንባታው ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ አስቆፈረ፣ ላስቲክ አነጠፈበት፣ እስከ አፉ ሞላው። ከዚያ ብረት ተወደደ። ግንበኞቹ ሄዱ፤ ጉድጓዱ ቀረ። ሲጎድል ዝናብ ይሞላዋል። እንዲህ ያለ መዋኛ ሆቴል ውስጥ በገንዘብ ነው፤ እሱ በነጻ ከፍቷል።

ጎሚስታውስ? በራፉ ላይ አሮጌ ጎማ ቆልሏል። እዚያ የምትወልደው ሌላኛዋ ናት፤ እግሯ ላይ ነጭ ዝንጉርጉር ያለባት፣ በቀን የምትነክሰው፣ ደንጊና ቺኩንጉንያ የምታመላልሰው። እንቁላሏን ጎማው ውስጥ ትለጥፋለች። ውሃው ቢደርቅ እንቁላሉ ለወራት ይጠብቃል፤ ሲዘንብ ይፈለፈላል። ጎማው ደግሞ ንቅንቅ አይልም፤ «ለሆነ ነገር ይሆናል» ተብሎ የተቀመጠ ነው። ለምን እንደሚሆን ይኸው ታወቀ።

የጽዳት ዘመቻ ቀንማ ማን ይቀድመናል! አካፋ ይዘን እንወጣለን፣ የአስፋልቱን ቦይ እንጠርጋለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ቡና ጠጥተን እንገባለን። ግቢ ውስጥ ግን ማንም አይነካም። አራስ ያለችበት ቤት ዘው ተብሎ አይገባማ።

ያቺ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያን ቀን ስትወጣ ምክር ቢጤ ጣል አደረገች። «ከእንቁላል ተነስታ እስክትበር ሳምንት፣ አሥር ቀን ቢፈጅባት ነው። በየሳምንቱ ይድፉትና ግድግዳውን ፈትገው ይሙሉት።»

«ውሃ ልድፋ? በዚህ ኑሮ?»

«እሺ ክዳኑን ይግጠሙት።»

«በርበሬው ይድረቅና።»

በርበሬው ደርቆ ባለፈው ሳምንት ተፈጨ። ክዳኑ ላይ አሁን ብቅል ተሰጥቷል። ይቅርታ፣ ቧንቧው መንፋት ጀመረ፤ ውሃ ልትመጣ ነው መሰለኝ። ሁለተኛ በርሜል ገዝቻለሁ። ክዳኑን ሻጩ ለብቻው ነው የምሸጠው ሲለኝ ተውኩት።