እርማት፦ የአምባዛ አፍንጫ መተንፈሻ አይደለም

ወንድሜ፣ «ውሃ ውስጥ ሽታ የለም፤ አምባዛ መንጠቆው ላይ ያለውን ምግብ በዓይኑ ነው የሚያገኘው፣ አፍንጫው መተንፈሻ ነው» ያልከውን ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ግን ልክ አይደለም። አምባዛ የሚተነፍሰው በስንጥቡ (በጭንቅላቱ ጎንና ጎን ባለው የዓሣ መተንፈሻ) ነው፤ ብቅ ብሎ አየር ሲወስድም በአፉ ነው። ባሕር ዳር ዓሣ ተራ ስትሄድ ፊቱን ቀረብ ብለህ እየው፦ በየጎኑ ሁለት ሁለት ቀዳዳ አለው፤ የፊተኛው እንደ ትንሽ ቱቦ ወጣ ያለ ነው። ውሃው በዚያ ገብቶ በኋለኛው ሲወጣ የሟሟውን ሽታ ይለያል። ደግሞስ ክረምት ላይ ጣና በደለል ሲደፈርስ ዓይን ምን ሊያይ? 8ቱ ጢሞቹም ጣዕም ይለያሉ። የባሕሩ ሎብስተር (ጠንካራ ቅርፊትና መቆንጠጫ ያለው እንስሳ ነው፤ ጣና ላይ አትፈልገው፣ የለም) ጭራሽ አፍንጫ የለውም፤ በትንንሾቹ አንቴናዎቹ ውሃውን መታ መታ እያደረገ ያሸታል፣ ሽታውንም ተከትሎ ምግቡ ዘንድ ይደርሳል።