ያልበቀለውን ባቄላ አትጣሉት

«ቤተ ሙከራ የለንም» ማለት ለ9ኛ ክፍል ሙከራ ላለማሠራት ምክንያት ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በየካ አባዶ ለሚማሩ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆች ግን ምክንያት አይሆንም። የ7 ዓመት ልጅ «ዘር ለመብቀል ውሃ፣ አየርና ሙቀት ያስፈልገዋል» የሚለውን ከሰሌዳ ገልብጦ ይሸመድዳል። ቤቱ ደግሞ ገብስ ተነክሮ ያለ አፈር ብቅል ሲሆን ያያል። ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን የሚያሳየው ያስፈልገዋል።

ይህን በሙከራ ለማሳየት ለ5 ልጆች 3 ባዶ ሃይላንድና 15 ፍሬ ባቄላ ይበቃል። 60 ልጅ ላለበት ክፍል 36 ሃይላንድ ማለት ነው፤ ባቄላው ግማሽ ኪሎ ተገዝቶ ይተርፋል። ክክ ወይም የተቆላ አይሁን፤ ነቀዝ የበሳውም ይለቀም። ሃይላንዱን ከወገቡ የሚቆርጠው መምህሩ ነው፤ ጠርዙ እጅ ስለሚቆርጥ በፕላስተር ይሸፈን።

አንደኛው ውስጥ እርጥብ ሶፍት ዙሪያውን ይለበጥና 5 ባቄላ በሶፍቱና በፕላስቲኩ መካከል ይግባ፤ ሥሩ ከውጭ የሚታየው እንዲህ ሲሆን ነው። ሁለተኛው እንደዚያው ሆኖ ሶፍቱ ደረቅ ይሁን። ለሦስተኛው ውሃ ይፈላና ይቀዝቅዝ፤ 5 ባቄላ በዚያ ውሃ ውስጥ ይስጠምና ላዩ ላይ 2 ማንኪያ ዘይት ይፍሰስበት። ማፍላቱ ውሃው ውስጥ ያለውን አየር ያስወጣል፣ ዘይቱ ሌላ እንዳይገባ ይከለክላል። ይህ ከተዘለለ እዚያም ያለው ሊያጎነቁል ይችላል። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ የትኛው እንደሚበቅል ገምቶ ይሳል፤ ግምቱ ሳይያዝ ሥራው አይጀመር።

ሰኞ ጀምሩ። አርብ የተጀመረ ቅዳሜና እሁድ ይደርቃል። እርጥቡ በየጠዋቱ 2 የሃይላንድ ክዳን ውሃ ይጨመርለት፤ ሲበዛ ይሻግታል። በህዳርና በታህሳስ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ መብቀሉ ይዘገያል፤ ሦስቱንም ከሲሚንቶው ወለል አንስታችሁ ጠረጴዛ ላይ አኑሯቸው። ሥሩ 3 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ሃይላንዱን በጎኑ አስተኙት። የሥሩ ጫፍ በ1 ወይም በ2 ቀን ወደ መሬት ይታጠፋል፤ ልጆቹ አፍንጫቸውን ፕላስቲኩ ላይ ለጥፈው የሚያዩት ይህን ነው።

ብዙ መምህራን የበቀለውን መስኮት ላይ ደርድረው ያልበቀለውን ይጥላሉ። ትልቁ ጥፋት ይህ ነው፤ እርጥቡ ብቻውን ቢታይ ልጁ ምኑ እንዳበቀለው መለየት አይችልም። ውሃ ውስጥ ያለው አብጦ ሲከረፋ «ውሃ ነበረው፣ ታዲያ ምን አጣ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱን መምህሩ አይቅደም፣ አንድ ቀን ቢወስድም ይጠበቅ። በሁለተኛው ሳምንት ደረቁን ልጆቹ ራሳቸው ያርጥቡት። ሞቷል ያሉት ባቄላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያጎነቁላል።