ምንም ያልሠራሁበት ቀን

ከአሜሪካ በተመለስን በሦስተኛው ቀን፣ ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ ባለው የእናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ጎረቤቱ «እንኳን ለአገራችሁ አበቃችሁ» ሊለን በተሰበሰበበት ሰዓት፣ አቦሉ ሳይቀዳ የተጠየቅሁትን ጥያቄ እስከ በረካው ድረስ መመለስ አቃተኝ። ታናሽ ወንድሜ እናቴንና እኔን ከቤተሰቡ ጋር በመርከብ ሽርሽር እንደወሰደን ሰፈሩ አስቀድሞ ያውቃል፤ ፎቶግራፋችን ከእኛ ቀድሞ ጎንደር ገብቷል። ስለ መርከቡ ትልቅነት፣ ከሦስት ሺሕ በላይ ሰው ስለ መጫኑና የሚጠጣውን ውኃ ራሱ ከባሕሩ ጨው እያጣራ ስለ ማምረቱ እናቴ በሰፊው ተርካለች። (ውኃው ሌት ተቀን እንደማይቋረጥ ስትናገር አንዲት ጎረቤታችን በር ላይ የተደረደሩትን ጀሪካኖች ዞር ብላ አየቻቸው።) እኔ የተጠየቅሁት ቀላል ነገር ነበር። የዕድራችን ዳኛ ሲኒያቸውን እንደያዙ፣ «መርከቡ ወደብ ላይ ቆሞ የወረዳችሁ ዕለት አንተ ምን ስትሠራ ዋልህ?» አሉኝ።

«ምንም» አልኋቸው።

«ምንም ስትል?»

«ተቀምጬ ዋልሁ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ዕጣኑ ብቻ መጨሱን ቀጠለ።

እንዲህ ያለ መልስ በእኛ ከተማ ለምን እንደሚያስደነግጥ ለመረዳት ጎንደር ላይ ብቻውን ለመቀመጥ የሞከረ ሰው መሆን ያስፈልጋል። ፒያሳ ላይ አንድ ማኪያቶ ይዞ መቀመጥ የሚቻለው ሰው እየጠበቁ ከሆነ ነው፤ ቢያንስ እየጠበቁ መምሰል ያሻል። ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥቶ ፀሐይ የሚሞቅ ጎልማሳ ወይ ታሟል፣ ወይ ከሥራ ተባርሯል፣ ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል፤ አራተኛ ምክንያት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ጎሃ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ከተማውን ቁልቁል ማየት እንኳ እንግዳ ለሚያስጎበኝ ሰው የተፈቀደ ነው። የነገሥታቱ ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ዓለም ሊያየው ሲጎርፍ፣ እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁት ሰው ወደ ውስጥ የገባሁት አራት ጊዜ ነው፤ አራቱንም እንግዳ ይዤ ነው። የሚገርመው ደግሞ ከተማችን ራሷ የዕረፍት ልጅ መሆኗ ነው። ነገሥታቱ ድንኳን እየተከሉና እየነቀሉ ከቦታ ቦታ ሲዞሩ ኖረው ኖረው፣ ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. እዚህ መጡና ተቀመጡ፤ ግንብም አሠሩ። ንጉሥ መንከራተት ሰልችቶት ባረፈባት ከተማ የተወለድን እኛ ግን መቀመጫችን ላይ እሾህ ያለብን ይመስል ከለቅሶ ወደ ክርስትና፣ ከክርስትና ወደ ዝክር፣ ከዝክር ወደ ዕድር ስንሮጥ እንኖራለን።

ወንድሜ አሜሪካ ከገባ ሃያ ዓመት ቢያልፈውም ይህን እሾህ ይዞት ሄዷል፤ እዚያ ያደረገው ነገር ቢኖር በሰንጠረዥ ማስቀመጡ ነው። ከማያሚ ተነሥተን በሜክሲኮ በኩል ወዳለችው ኮዙሜል የምትባል ደሴት በምንደርስበት ዋዜማ፣ ማታ በራት ላይ፣ በስልኩ ያዘጋጀውን የቀኑን መርሐ ግብር አነበበልን። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከመርከብ መውረድ፣ ሦስት ሰዓት ላይ በመነጽር ባሕር ውስጥ ዓሣ ማየት፣ አምስት ሰዓት ላይ የጥንት የማያዎችን ፍርስራሽ መጎብኘት፣ ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ግብይት። ከሁሉ በታች «ዘና ማለት» ተብሎ ሃያ ደቂቃ ተመድቦለታል።

ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጋላቸው በክረምት ስለሆነ ጉዞው ነሐሴ ላይ ውሎ ነበር፤ ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነው። እናቴ ሌት ተቀን ምግብ የማይጠፋበት የቡፌ አዳራሽ ውስጥ ነጠላዋን አጣፍታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዷን ስትመላለስ ያዩዋት አስተናጋጆች የተራበች መስሏቸው በየደቂቃው ሳህን ያቀርቡላታል፤ እሷም በየደቂቃው ትመርቃቸዋለች። የእጅ ሰዓቷን ከጎንደር ከተነሣን ጀምሮ አልነካችውም። «ቅዳሴ መቼ እንደገባ በምን አውቃለሁ?» ትላለች። መርከቡ የሚሄደው በማያሚ ሰዓት ሲሆን ጎንደር ከእሱ በሰባት ሰዓት ትቀድማለች። ወንድሜ ይህን አስልቶ፣ «እንግዲህ እዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ጎንደር ዘጠኝ ነው፤ ቅዳሴ ወጥቷል፣ ብዪ» ቢላት፣ «ጎንደር ያለው ሰዓቱ ነው፣ እኔ ያለሁት እዚህ ነው» ብላ አሰናበተችው። ሐሳቡ ግን መሬት ላይ ወድቆ አልቀረም፤ እኔ አነሣሁት። በመርከቡ ላይ ሁልጊዜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በጎንደር አቆጣጠር ስበላ ሰነበትሁ። ሳህኔ ላይ ምን እንደነበረ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ እንጂ እዚህ አልጽፈውም።

ወደ ወደቡ ስንወርድ፣ ፍራፍሬም ሆነ የበሰለ ምግብ ከመርከብ ይዞ መውረድ የተከለከለ መሆኑ በድምፅ ማጉያ ሲነገር ወንድሜ ለእናቴ ተረጐመላት። እሷም በአንክሮ ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። ካርዳችንን መሣሪያው ላይ አስነክተን «ትን» እያለ ድልድዩን ተሻግረን ጥቂት እንደሄድን፣ ከነጠላዋ ጥለት ሥር አንድ ቋጠሮ ዳቦ ቆሎ ብቅ አለ። ወንድሜ ራሱን ያዘ። «ምግብ አይደለም እኮ፣ ስንቅ ነው» አለችው። ከከተማው መግቢያ ላይ ደግሞ ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ ጎብኝዎችን ጭኖ ሲያልፍ ቆም ብላ እስኪርቅ ድረስ ተከተለችውና፣ «ለዚህ ነው ይኸን ሁሉ ባሕር ያቋረጥነው? ጋሪማ ቆላ ድባ ሞልቶ የለም ወይ?» አለች።

መርሐ ግብሩ መፍረስ የጀመረው በፍርስራሹ ነው። ወንድሜ፣ ሳን ኸርቫሲዮ የተባለው ቦታ በጥንት ዘመን የማያ ሴቶች ልጅ ለማግኘት ኢሽቼል የምትባለውን አምላካቸውን ሊለምኑ ባሕር ተሻግረው የሚሳለሙት መሆኑን በጉጉት አስረዳ። እናቴ ስለቱንና ሳይሰለቹ ባሕር መሻገሩን ወዲያው ገባት፤ የከንፈር መምጠጥ ድምፅም አሰማች። የአምላኳን ማንነት ስትሰማ ግን አማተበች። «በፍልሰታ ጣዖት ልታሳየኝ ነው?» አለች፤ ጉዳዩም እዚያው ተዘጋ። እሷን ብቻዋን መተው ስለማይቻል አንድ ሰው አብሯት እንዲቀር ተወሰነ። በዕድሜዬ ለአንድ ኃላፊነት እንዲህ ፈጥኜ እጄን ያነሣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ወንድሜ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እየተጣደፈ ሄደ። እናቴና እኔ በባሕሩ ዳር ከአንድ ሰፊ ቅጠል ካለው ዛፍ ሥር ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ተከራይተን ተቀመጥን። ውኃው አሸዋውን እየነካ ይመለሳል፤ ሥራው ይኸው ነው። ስልኬ አይሠራም፤ ስለዚህ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደወለደ፣ የትኛው ማኅበር ተረኛ እንደሆንሁ ማወቅ አልችልም። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በጣም ከባድ ነበር። አንድ የረሳሁት ነገር ያለ እየመሰለኝ ኪሴን ደጋግሜ ፈተሽሁ። ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ዙሪያውን ቃኝቼ ተመለስሁ። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ትከሻዬ ዝቅ አለ፤ የተሰቀለ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

እናቴ ግን መቀመጥ አልቻለችም፤ ማለቴ እጇ መቀመጥ አልቻለም። ከቦርሳዋ እንዝርትና ባዘቶ አወጣች። እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ስትለቀው በካሪቢያን ባሕር ነፋስ ውስጥ እየተሽከረከረ ቁልቁል ይወርዳል፤ ቀጭኑ ፈትል ከጣቶቿ መካከል ሳይበጠስ ይከተለዋል። በዋና ልብስ የሚንሸራሸሩት ጎብኝዎች እየቆሙ ፎቶግራፍ አነሷት። ከእነሱ ይልቅ ቁም ነገሩ የገባት ጥልፍ ቀሚሶች በክንዷ ይዛ የምትዞር አንዲት የአገሩ ሴት ነበረች። መጥታ ቁጢጥ አለች፣ ፈትሉን በሁለት ጣቷ ዳሰሰች፣ ቅጥነቱን አደነቀች፤ እናቴም የጥልፉን ጀርባ ገልብጣ አየችና «ቋጠሮ የለውም፣ ባለሙያ ናት» አለችኝ። ከዚህ በኋላ አንዷ በአማርኛ፣ ሌላዋ በስፓኝ ቋንቋ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ ተጨዋወቱ። ልጆች ስንት እንደወለዱ በጣት ተቆጠረ፤ የሞቱትም ተቆጠሩ። ሴትዮዋ በቃሪያ ዱቄት የተነሰነሰ ማንጎ ሰጠቻት፤ እናቴ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ አስቀመጠችው፤ በምላሹ ዳቦ ቆሎና በወረቀት የተጠቀለለ ሚጥሚጣ አበረከተችላት። ሴትዮዋ በምላሷ ጫፍ ቀመሰችና ዓይኗን ጨፍና ሳቀች። የበርበሬ ዘር ሁሉ ወደ ሌላው ዓለም የወጣው ከእነዚያ አገሮች፣ ኮሎምበስ በፈረንጆች 1492 ባሕሩን ካቋረጠ በኋላ መሆኑን ለሁለቱም ልነግራቸው አሰብሁና ተውሁት። የእኛ ሚጥሚጣ ከስንት መቶ ዓመት በኋላ የእናቷን ቤት ስትጠይቅ መሐል መግባት ደግ አይደለም። ደግሞም ያን ዕለት ምንም አልሠራም ብያለሁ።

ዕረፍተኞቹ ሲመለሱ መልካቸው የሚያሳዝን ነበር። የወንድሜ ጀርባ በፀሐይ ተቃጥሎ ሸሚዙን ሊያስነካ አልቻለም፣ ትልቁ ልጅ ጫማውን ጥሎ መጥቷል፣ ትንሿ ታለቅሳለች፣ ሚስቱ አትናገርም። ወንድሜ ስልኩን አየና፣ «ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ነው፤ ለመሳፈር እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ጊዜ አለን፤ አሁን ዘና እንላለን» ብሎ ወንበሩ ላይ ወደቀ። እናቴ ማንጎዋን ልትጎርስ ከፍ እንዳደረገች ቆመች። የእጅ ሰዓቷን አየች። «መሳፈሪያው በጎንደር ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ተኩል ነው ብለኸኝ አልነበረም?» አለችው። «አዎ።» «ጎንደር እኮ አምስት ከአምስት ሆኗል።»

ለጥቂት ቅጽበት ማንም አልተነፈሰም። ደሴቲቱ ከመርከቡ አንድ ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች፤ ብልሁ ስልክ መሬት እንደረገጠ ማንንም ሳያማክር ራሱን በአገሩ ሰዓት አስተካክሏል። ያልተነካው የእናቴ ሰዓት ብቻ ነበር እውነቱን የያዘው። መርከብ ደግሞ የሰፈራችን ታክሲ አይደለም፤ «አንድ ሰው ቀረኝ» ብሎ አይጠብቅም።

ታክሲ አግኝተን ወደቡ ላይ ስንደርስ ስድስት ደቂቃ ቀርቶን ነበር። በዚያ ረጅም ድልድይ ላይ ወንድሜ ትንሿን አዝሎ፣ ትልቁ ልጅ በባዶ እግሩ፣ እኔ በአንድ እጄ እናቴን በሌላው እንዝርቷን ይዤ ስንሮጥ፣ ከላይ በየሰገነቱ የቆመው ሕዝብ ያጨበጭባል፣ ያፏጫል። ዘግይቶ የሚሮጥ ተሳፋሪን ከፎቅ ሆኖ መመልከት የመርከብ መንገደኞች የታወቀ መዝናኛቸው መሆኑን ወንድሜ ኋላ ነገረኝ። እናቴ ግን ይህን አታውቅም። መሐል ድልድይ ላይ እጄን አስለቅቃ ቆመችና ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሰገነቱ በግራም በቀኝም እጅ ነሣች። «አክብራችሁ ስለተቀበላችሁን እግዚአብሔር ያክብርልን» አለቻቸው። ጭብጨባው እጥፍ ሆነ።

እንግዲህ ቡናው ላይ እናቴ ይህን ሁሉ ስትተርክ ጎረቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ግን ዓይኖች ወደ እኔ ተመለሱ። ሴትዮዋን ያነጋገረች እናቴ፣ የፈተለች እናቴ፣ ሰዓቱን ያየች እናቴ። «አንተስ?» አሉኝ የዕድሩ ዳኛ እንደገና፤ በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። «ተቀምጬ ነበር» አልኋቸው። አንዲት አሮጊት ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ ሁላችንም በምንሰማው ሹክሹክታ፣ «ጠበል ብታስገቢው ምን አለበት?» አሏት።

በማግስቱ ጠዋት በርጩማዬን ደጃፌ ላይ አውጥቼ ለመቀመጥ ሞከርሁ። የመጀመሪያው አላፊ «ደህና አይደለህም እንዴ?» አለኝ። ሁለተኛዋ «ባለቤትህ የለችም?» አለችኝ። ሦስተኛው፣ ጎረቤቴ፣ «ምን ሆነህ ነው?» ሲለኝ «ሰው እየጠበቅሁ ነው» አልሁት። ፊቱ ፈካ። ማንን እንደምጠብቅ ሳይጠይቀኝ የራሱን በርጩማ አምጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዝም ብለን ፀሐይዋ ግድግዳውን ስትወርድ አየን። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ «ይመጣል፣ አትቸኩል» አለኝ።