የፎገራን የዱር ሩዝ ጠርሙስ ውስጥ እናስገባው

ጣና ሲባል መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው እምቦጭ ነው። አይፈረድብንም። አረሙ እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ ያልተዘመተበት፣ ስብሰባ ያልተጠራበት ዓመት የለም። እኔ ዛሬ የማወራው ግን ማንም ስላልዘመተለት ሌላ ሣር ነው።

ጣና ዳር ባለው ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ክረምት ሲመጣ ሞልተው በሚተኙበት ረግረግ፣ የዱር ሩዝ ይበቅላል። ሳይንሱ ኦራይዛ ሎንጊስታሚናታ ይለዋል። ለገበሬው አረም ነው፣ ለከብቱ መኖ። ባለሙያዎች በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) "እዚህ ሩዝ ይሆናል" እንዲሉ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ሣር በቅሎ መገኘቱ ነበር። ዛሬ የፎገራዋ ከተማ ወረታ ላይ እንጀራው ከሩዝ ጋር ተቀይጦ ይጋገራል፣ ጠላና አረቄ ሳይቀር በሩዝ ይወጣል። መንገድ ያሳየው ሣር ደግሞ ረግረጉ በታረሰ ቁጥር መቆሚያ እያጣ ነው። ገበሬውን አልወቅስም፤ ልጆቹን የሚያበላው የዘራው ሩዝ ነው።

"ታዲያ ሣሩ ምን ያደርግልናል?" ለሚል መልስ አለኝ። የሩዝ ቅጠል የሚያደርቅ ክፉ የባክቴሪያ በሽታ አለ። እሱን የሚከላከለው ታዋቂ ጂን የተገኘው ማሊ ውስጥ ከበቀለ፣ ከዚሁ ከእኛው ዝርያ ሣር ነው። ቻይናዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 አንዴ ተተክሎ ለተከታታይ ዓመታት የሚታጨድ ሩዝ ለገበሬ ለቀዋል። አንዱ ወላጁ ይኸው የአፍሪካ የዱር ሩዝ ነው። የዱሩና የሚታረሰው ሩዝ ሲዳቀሉ ሽሉ ዘሩ ውስጥ እንዳለ ይሞት ስለነበር፣ ሳይሞት አውጥተው የመስታወት ዕቃ ውስጥ ነው ያሳደጉት። ቲሹ ካልቸር ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ዘሩን ሰብስቦ አዲስ አበባ ጂን ባንክ ማስቀመጥ አይበቃም ወይ? ለጤፍና ለማሽላ በደንብ ይበቃል፣ ባንኩም ከ1976 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እየሠራ ነው። ይሄ ሣር ግን አስቸጋሪ ነው። ራሱን በራሱ አያዳቅልም፣ የሚይዘው ፍሬ ትንሽ ነው፣ ያቺኑም ሳትሰበስብ ያራግፋታል። በዋናነት የሚራባው ጭቃ ውስጥ በሚሄድ ግንዱ ነው። ስለዚህ የተገኘው ዘር ባንክ ይግባ፣ ግንዱ ደግሞ ላብራቶሪ።

ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ከጭቃው የወጣውን ግንድ ደጋግመህ ታጥባለህ፣ አልኮልና በረኪና ውስጥ ትነክራለህ፣ በንጹሕ ውኃ ታለቀልቃለህ፣ ከዚያ ጫፉ ላይ ያለችውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ቡቃያ በምላጭ ቆርጠህ ስኳር፣ ማዕድንና ሆርሞን ያለው ጄል ላይ ታስቀምጣለህ። ችግሩ ከረግረግ የወጣ ነገር በቀላሉ አይጸዳም። ትንሽ ቆይተህ ስትመለከት ጠርሙሱ ነጭ ሻጋታ ለብሶ ይጠብቅሃል፣ እንደገና ከሀ ትጀምራለህ። ከተሳካ ግን ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ እድገቱን አዘግይቶ ማቆየት ይቻላል። አቅም ሲገኝ ደግሞ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ። (መብራት ካልጠፋ ነው እንግዲህ። ጥስ ዓባይ አፍንጫችን ሥር ሆኖ የመብራቱን ነገር ታውቁታላችሁ።)

አንድ ነገር ግን እንዳንሸወድ። ከአንድ ቡቃያ የተባዛ ጠርሙስ ሁሉ ያው አንድ ተክል ነው። መቶ ጠርሙስ ደርድሮ "የፎገራን ዱር ሩዝ አዳንን" ማለት ቀልድ ነው። ከርብ ዳርም፣ ከጉማራ ዳርም፣ ከተራራቁ ቦታዎች መሰብሰብ አለበት። ረግረጉ ላይም ማረሻ የማይገባበት ቁራጭ መሬት መተው ግድ ነው፤ ምክንያቱም ጠርሙስ ውስጥ ያለ ተክል ከአዲስ በሽታና ከአዲስ ድርቅ ጋር አይታገልም፣ አይለወጥም።

ቅንጦት ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። የአገራችን ቲሹ ካልቸር ላብራቶሪዎች በብዛት ሙዝ፣ ድንችና ሸንኮራ አገዳ ያባዛሉ፤ ወዲያው ገበሬ ጋ ስለሚደርስ ደግ ሥራ ነው። ሙያው ስላለ ከዜሮ አንጀምርም። የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት መቀመጫው ባሕር ዳር ነው፣ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉም ፎገራው ላይ አለ። በመኪና ቢበዛ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ሁለቱ ተነጋግረው ለዱሩ ሩዝ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ቋሚ ቴክኒሻንና የማያቋርጥ መብራት ቢመድቡ፣ የሚቀጥለው ክረምት ውኃ ሲጎድል ግንዱን መሰብሰብ ይጀመራል።